የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመምህሩን ቢሮ በምን ላንኳኳ?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ተነጋግረው የተጻፉ ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህሩ እንዴት ይግባቡ የሚሉ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ የለመኑን ስላሉ የሁሉንም ስም ትተናል።

«ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እስከ ዛሬ የመምህር ቢሮ ገብቼ አላውቅም። የሚገቡትን ልጆች ዶርም ውስጥ ‹አሽቃባጭ› ይሏቸዋል። ያልገባኝ ነገር ግን እየተከመረ ነው። ምን ብዬ ልግባ?»

ሥራህን ይዘህ ግባ። ማሽቃበጥ ማለት ያለ ጉዳይ ደጅ መጥናት ነው። የሞከርከውን ወረቀት ዘርግተህ የቆምክበትን መስመር በጣትህ ካሳየህ ግን መምህሩን የተቀጠረበትን ሥራ ነው የምታሠራው። ማንም ምንም ቢልህ በዚህ አትፈር።

መጀመሪያ ኮርስ አውትላይኑን አውጣ። ብዙ ተማሪ ሚድ ከስንት፣ ፋይናል ከስንት የሚለውን ገጽ ብቻ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሌላውን ይተወዋል። የቢሮ ቁጥሩ፣ የኢሜይል አድራሻውና የማማከሪያ ሰዓቱ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ካልተጻፈ ከክፍል ሲወጣ «የማማከሪያ ሰዓትዎ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሰሌዳውን እያጠፋ ስድስት ልጅ ከቦት ቆሞ የትምህርት ጥያቄ አታንሳ፤ እዚያ ቀጠሮ ብቻ ያዝ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ለወደቀ ሰው ያለ ቀጠሮ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት መቆም ቀላል አይደለም፤ መምህሩ ስብሰባ ላይ ከሆነ ደግሞ ብርዱን በከንቱ ትጠጣለህ።

ከዚያ አንድ ነጠላ ወረቀት አዘጋጅ። ከላይ ምዕራፉንና የጥያቄውን ቁጥር ጻፍ። መሐል ላይ የሞከርከውን ሁሉ በእስክሪብቶ አስፍር፣ የተሳሳተውንም አትሰርዝ፤ መምህሩ ስህተትህን የሚያገኘው እዚያ ነውና። ከታች አንዲት ጥያቄ ብቻ ይኑር። «ምዕራፍ 4 አልገባኝም» ጥያቄ አይደለም፤ የሦስት ሳምንት ትምህርት በአሥር ደቂቃ ድገሙልኝ ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ጥያቄ ከሆነ «ናሙናው 16 ነው፤ የቲ ዋጋው 2.31 መጣልኝ፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን በ15 ልፈልግ ወይስ በ16 አላወቅሁም» ስትለው ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከናሙናው አንድ ይቀነሳል፣ 15 ነው ይልሃል፤ 2.131ን ታገኛለህ፣ ያንተ ቁጥር ከዚያ በልጧል። በተረፈው ጊዜ ለምን አንድ እንደሚቀነስ ያስረዳሃል፤ የሄድህበትም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ስትገባ አንኳኩተህ፣ ስልክህን ዘግተህ፣ ሙሉ ስምህን፣ ዓመትህንና ሴክሽንህን ተናገር። «አላወቁኝም እንዴ?» አትበል። ሦስት ሴክሽን የያዘ፣ በየሴክሽኑ 50 ተማሪ ያለው መምህር አንድ ሚድ ሲፈትን 150 ወረቀት ይጠብቀዋል፤ አንዱን በ15 ደቂቃ ቢያርም 37 ሰዓት ተኩል ነው፣ የአንድ ሳምንት ሥራ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፊቱ ቢጠቁር ባንተ ላይ አይደለም። በዚያ እርማት በሚበዛበት ሳምንትና ክፍል ሊገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግን አትሂድ።

«ይህን ገጽ አንብብ» ካለህ አንብበህ ተመለስ። ግንኙነት የሚባለው በሁለተኛው ጉብኝት ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ የሄደ ብዙ ነው፤ የተባለውን ሠርቶ ወረቀቱን ይዞ የተመለሰ ግን በስም ይታወሳል። በሴሚስተር ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። የተረዳኸውንም ዶርም ወስደህ ለጓደኞችህ አስረዳ። በሚቀጥለው ሳምንት «አሽቃባጭ» ያሉህ ልጆች ጥያቄያቸውን ጽፈው ይሰጡሃል።

«መምህራኑን ምን ብዬ ልጥራ? አንዱ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ‹ቲቸር› ስለው ልጆቹ ሳቁብኝ።» (ከደብረ ሲና)

ዶክትሬት ያለውን «ዶክተር»፣ ፕሮፌሰርነት ያለውን «ፕሮፌሰር»፣ ሌላውን «መምህር» ወይም «መምህርት» ብለህ የራሱን ስም ጨምር። በእኛ አገር ማዕረጉ ከራስ ስም ጋር እንጂ ከአባት ስም ጋር አይሄድም። የውጭ አገር ሰው ሲሆን ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ስም ነውና እንዳይዞርብህ። «ጋሼ» እና «እትዬ» ለሰፈር ይቆዩ። መምህሩ የ24 ዓመት ወጣት ቢሆንም «እርስዎ» በለው። እሱ «አንተ በለኝ» ካለ በግል ስታወሩ ፈቃዱን አክብር፤ ክፍል ውስጥና በጽሑፍ ግን «እርስዎ» ይቀጥል።

በቴሌግራምም በኢሜይልም ስትጽፍ መልኩ ይህን ይምሰል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ2ኛ ዓመት ሴክሽን 3 ተማሪ ነኝ፤ ስሜ እገሌ፣ መለያ ቁጥሬ ይህ ነው። በመልመጃ 7 ላይ ሦስተኛው መስመር ጋ ቆሜያለሁ፤ የሠራሁትን ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት 8፡30 ለአሥር ደቂቃ ብመጣ ይመችዎታል? ካልተመቸዎት የሚመችዎትን ሰዓት ይንገሩኝ።»

ማንነትህ፣ ጉዳይህና የምትፈልገው ጊዜ በአንድ መልእክት አለቁ። «ሰላም» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት መጻፍ፣ የድምፅ መልእክት መላክ ይቅር። መልስ ካጣህ ሦስት የሥራ ቀን ጠብቀህ አንድ ጊዜ አስታውስ፤ ከዚያ በአካል ሂድ። ከውጭ የመጣ መምህር ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍለት፤ የእኛ 8፡30 ለእሱ 2፡30 ነው።

«73.5 አግኝቼ ቢ ተሰጠኝ። ከጓደኛዬ የተሻለ እንደሠራሁ አውቃለሁ። መምህሩን ብጠይቀው ቂም ይይዝብኛል?» (ከአለም ከተማ)

የሚያስቀይመው አጠያየቁ ነው። «ከእገሌ የተሻለ ሠርቻለሁ» ብለህ ከገባህ የእገሌ ወረቀትም እንዲታይ እየጠየቅህ ነው፣ ጓደኛህንም ታጣለህ። «ቤተሰቤ ችግረኛ ነው» ካልክ ደግሞ መምህሩ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር በእጁ የለም።

ወረቀትህን ለማየት ጠይቅ፤ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከት። አንደኛ ድምሩን። የፈተናው ክፍሎች 6፣ 8.5፣ 4 እና 7 ከሆኑ 25.5 ነው፤ ፊት ለፊት ገጹ ላይ 23.5 ከተጻፈ ሁለት ነጥብህ እዚያው ጠፍታለች። ሁለተኛ ሳይታረም የታለፈ ገጽ እንዳለ፤ በተለይ መልስህን ከወረቀቱ ጀርባ ከቀጠልክ። ሦስተኛ የኩዊዝና የአሳይመንት ነጥቦችህ በትክክል መመዝገባቸውን። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቢ ፕላስ ከ75 ይጀምራል፤ አንተ በላክኸው ቁጥር እነዚያ ሁለት ነጥቦች ቢመለሱ 75.5 ይሆናል፣ ግሬዱም ይለወጣል። ስለዚህ ማየቱ ከንቱ ድካም አይደለም።

ስህተቱን ካገኘህ «በደሉኝ» ሳይሆን «መምህር፣ እዚህ ድምሩ ላይ ልዩነት ያየሁ መሰለኝ፤ ቢያዩልኝ» በል። ለዚህ ቂም የሚይዝ መምህር ጥቂት ነው፤ የመደመር ስህተት ለማንም ያጋጥማል። ካልተግባባችሁ ቅሬታህን በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኮሌጁ ዲን ታቀርባለህ። ቅደም ተከተሉን አትዝለል። መምህሩን ሳታናግር ዲን ቢሮ ከሄድህ ጉዳዩ ተመልሶ እሱው ጋ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ነው ነገር የሚከር። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፤ ግሬድ በተለጠፈ ዕለት ሬጂስትራር ሄደህ የመጨረሻውን ቀን ጠይቅ።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ምክር፦ ከፋይናል በፊት የተያዘው ነጥብ ሲለጠፍ የዚያኑ ቀን ሂድና ከራስህ ወረቀቶች ጋር አመሳክር። በዚያ ጊዜ ማስተካከል በመምህሩ እስክሪብቶ የሚያልቅ ነገር ነው። ግሬዱ ሬጂስትራር ከገባ በኋላ ግን ማስተካከያ ቅጽ፣ የኃላፊ ፊርማና ምክንያት ይፈልጋል። የተመለሰልህን ኩዊዝና አሳይመንት እስክትመረቅ አትጣል።

«የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ልጄን በደካማ ጎኑ የረዳው መምህር አለ። እኔ የፈተልሁት ሱፍ ዝተት ሆኖ ተሠርቷል፤ ከማር ጋር ልላክለት ወይ? ልጄ አይሆንም ይለኛል።»

እናታችን፣ ልጅዎ ልክ ነው። ልብዎ ያሰበውን እናውቃለን፤ ለውለታ ባዶ እጅ መቅረት በመንዝ ነውር ነው። ነገር ግን መምህሩ ገና የልጅዎን ፈተና የሚያርም ሰው ነው። ዝተቱን ቢቀበል ነገ ልጁ በራሱ ጉልበት ያገኘውን ኤ ሰው ሁሉ «በዝተት ነው» ይለዋል። ባይቀበል እርስዎ ያዝናሉ፣ ልጁም ያፍራል። ስጦታ ከውጤት ጋር ከተያያዘ ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም በሙስና ያስጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 881/2007 በዚህ ላይ የወጣ ነው።

ይልቅ ደብዳቤ ያስጽፉ። መምህሩ ለልጅዎ ምን እንዳደረገለት በሦስት በአራት መስመር ይነገር፤ አንዱ ቅጂ ለመምህሩ፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሂድ። ይህ ደብዳቤ በመምህሩ ፋይል ሊቀመጥለት ይችላል፣ ዝተት የማያደርግለትን ያደርግለታል። ልጁ ተመርቆ፣ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ከሌለ በኋላ፣ ለምርቃት ድግሱ ጠርተው በሰው ፊት ቢመርቁት ደግሞ ማንም ምንም አይልዎትም።

«እርሻ ነው የማጠናው። መምህሬ በመንዝ በግ ላይ ምርምር ይሠራል። መሳተፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ገና 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ምን አለኝና?» (ከሞላሌ)

አገሩን ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ የመጣ መረጃ ሰብሳቢ ጠዋት ደርሶ ቤት ዘግተው የሄዱ ገበሬዎችን ሲፈልግ ይውላል። አንተ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ገበሬው በየትኛው በዓል ሥራ እንደማይነካና ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ እንደሚገኝ፣ የመኸሩ አጨዳ መቼ እንደሚያጣድፍ፣ የበልጉ ገብስ መቼ እንደሚነሳ ታውቃለህ። ይህን የመስክ ጊዜ ሰሌዳ በአንድ ገጽ ጽፈህ ውሰድለት። የሰዉንም አነጋገር ጨምር፤ መጠይቁ ላይ ያለው ቃልና ገበሬው ለበጉ ዕድሜና መልክ የሚጠቀምበት ቃል ካልገጠመ መልሱ ይበላሻል።

ከመሄድህ በፊት መምህሩ ከጻፋቸው ጽሑፎች አንዱን በጎግል ስኮላር ፈልገህ አንብብ። ሙሉውን ባትረዳ መግቢያውን፣ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበና ማጠቃለያውን በደንብ አንብብና አንድ ጥያቄ ያዝ። ከዚያ ትንሽ ሥራ ጠይቅ፦ በሳምንት ሦስት ሰዓት መረጃ ወደ ኤክሴል ማስገባት፣ በኮቦ ቱልቦክስ (በስልክ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ) የተሰበሰበውን ማጣራት፣ በጎች ሲመዘኑ መመዝገብ። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» አትበል፤ ሥራ ፈልጎ መስጠት ለመምህሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ስትመዘግብ ያልተመዘነ በግ ቢኖር ባዶ ተወው እንጂ በግምት አትሙላ። አንዲት የተገመተች ቁጥር ከተገኘች ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል፣ አንተም አብረህ። የጊዜ ገደቡንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ፈተና ሲቀርብ ሳትናገር ከመጥፋት ከሁለት ሳምንት በፊት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አልችልም» ማለት ይሻላል።

«አንድ መምህር ማታ ማታ ይደውልልኛል። ‹ስለ ውጤትሽ እናውራ› ብሎ ሆቴል ቀጠረኝ። እምቢ ካልኩ ይጥለኛል ብዬ ፈርቻለሁ።»

እኅታችን፣ አትሂጂ። ይህ የተማሪና የመምህር ግንኙነት አይደለም፣ ጥፋቱም በምንም መንገድ ያንቺ አይደለም።

በስልክ አትከራከሪው፤ በጽሑፍ መልሺለት፦ «መምህር፣ ስለ ውጤቴ በሥራ ሰዓት በቢሮዎ መነጋገር እችላለሁ። ሐሙስ 4፡00 ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እመጣለሁ።» ጨዋ ነው፣ ማስረጃም ነው። የሚልክልሽን ምንም አታጥፊ፤ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺና ለምታምኛት ሰው ላኪ፤ ስልክሽ ቢጠፋ እንዳይቀር። የደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ ያለውንም ቃል በደብተር ጻፊ። ኩዊዝሽን፣ አሳይመንትሽን፣ የታረመልሽን ወረቀት ሁሉ ያዢ። በነጥብ ሊበቀል ቢሞክር ወረቀትሽ በሌላ መምህር እንዲታይ መጠየቅ የምትችዪው በእነዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ብቻሽን አትሂጂ። እዚያ ካልሰሙሽ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ለዲኑ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሚ። ከነካሽ ወይም ካስፈራራሽ ጉዳዩ የፖሊስ ነው። ቅሬታሽ እስኪታይ አትጠብቂ፤ ለቤተሰብሽም ለአንድ ሰው ዛሬ ንገሪ።

«ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ለውጭ አገር ማስተርስ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅሁ። መምህሮቼ ያስታውሱኛል?» (ከአንኮበር)

በስምህ ላያስታውሱህ ይችላሉ፤ በሥራህ ግን ልታስታውሳቸው ትችላለህ። ከመጨረሻው ቀን ስድስት ሳምንት ቀደም ብለህ ጀምር፤ ከአራት ሳምንት ማነስ የለበትም።

በሹመት ትልቁን ሳይሆን ሥራህን በቅርብ ያየውን ምረጥ። የመመረቂያ ጽሑፍህን ያማከረህ ሌክቸረር የሚጽፈው አንድ ገጽ፣ ከ200 ተማሪ መሐል ያየህ ፕሮፌሰር ከሚጽፈው ሦስት መስመር ይበልጣል። አስመራጮቹ የሚፈልጉት «ታታሪና ጨዋ ነው» የሚለውን አይደለም፤ ያ ሁሉም ደብዳቤ ላይ አለ።

አንድ ላይ አዘጋጅተህ የምትልከው ይህ ነው፦ ሁለት ገጽ የማይበልጥ ሲቪ፣ የትራንስክሪፕት ቅጂ፣ ከእሱ ጋር የወሰድከው ኮርስ ስም፣ ዓመቱና ግሬድህ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስና አጭር መግለጫ፣ የምታመለክትበት ትምህርት ስምና ለምን እንደመረጥከው አንድ አንቀጽ። ከዚህ ላይ «ፎቶው አብሮ ተያይዟል፤ ይህን የመስክ መረጃ በዚህ መንገድ ሰብስቤ ነበር» የሚያሰኝ ተጨባጭ ነገር ሁለት ሦስት ጨምር። «ጽፈህ አምጣና ልፈርም» ቢልህ በትሕትና እነዚህን ማስታወሻዎች ስጠውና እሱ በራሱ ቃል እንዲጽፍ ለምነው። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ ሲጻፍ አነጋገሩ ይመሳሰላል፣ የሚያነበውም ያውቀዋል።

ስትጠይቅ ለእምቢታ በር ክፈትለት፦ «ስለ ሥራዬ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ በቂ ነገር አለ ብለው ያስባሉ?» ካመነታ ሌላ ሰው ፈልግ፤ ለብ ያለ ደብዳቤ ጭራሽ ካለመኖሩ አይሻልም።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን እንንገርህ። ማመልከቻው «ዲሴምበር 15» ይላል፤ ተማሪው ለመምህሩ «ታኅሣሥ 15» ብሎ ይጽፋል። በ2018 ዓ.ም. ዲሴምበር 15 የሚውለው ታኅሣሥ 6 ነው። መምህሩ በተነገረው ቀን ቢልክም ዘጠኝ ቀን አልፏል፣ ሲስተሙም ተዘግቷል። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ፣ ለመምህሩም ከእውነተኛው ቀን አምስት ቀን ቀንሰህ ስጠው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጽ ራሱ ይጨናነቃል።

ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የደብዳቤ ጸሐፊውን የተቋም ኢሜይል ይፈልጋሉ፤ ጂሜይል ሲያዩ አንቀበልም የሚሉ አሉ። የመምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የሚሠራ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ። መምህሩ ደብዳቤውን የሚያስገባበት ሊንክ ከውጭው ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስለሚላክ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ፎርሙን በሞላህ ማግስት «ደርሶዎታል ወይ? ስፓሙንም ቢያዩልኝ» ብለህ ጻፍ። ፎርሙ ደብዳቤውን የማየት መብትህን ትተዋለህ ወይ ሲልህ «አዎ» በል፤ ተማሪው የማያየው ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል። ሁለት ሳምንት ሲቀር አንድ ማስታወሻ፣ አምስት ቀን ሲቀር አንድ ማስታወሻ ይበቃል።

መልሱ ሲመጣ፣ ተቀበሉህም አልተቀበሉህም፣ ለሦስቱም በዚያው ሳምንት ጻፍላቸው። አልተቀበሉኝም ላለው ተማሪ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤውን አሻሽሎ ይልክለታል፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ አለ።